ዝንብ መመዝገብ ጀምሬያለሁ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይህን የሚሠራ ሰው አለ?

የጠባሴ ልጅ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ውስጥ ያርሳሉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባቄላው አብቦ ሳለ ላግዛቸው ሄጄ አንድ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ንብ መሰለችኝ። አበባው ላይ ግን አላረፈችም። አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዚያ ሽው ብላ ወደ ጎን ሄደችና ተመልሳ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች። ንብ እንዲህ ስታደርግ አይቼ አላውቅም። በብርጭቆ ከድኜ ያዝኳትና ክንፏን ቆጠርኩ። ሁለት ብቻ። ንብ አራት ክንፍ እንዳላት ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃለሁ፣ ስለዚህ የያዝኳት ዝንብ ናት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝንብ ሲባል ከእንጀራ ላይ የምናባርራት ያቺ ግራጫዋ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ያን ቀን ማታ ስለ እሷ እያሰብኩ ነው ያመሸሁት።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ። እስካሁን 63 ምዝገባ አለኝ። ፎቶም ብዙ ነበረኝ፤ ግን ስልኬ ተበላሽቶ ለጥገና ሰጥቼው ሲመለስልኝ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አንድም ፎቶ አልተረፈም። ደብተሩ ላይ ያለው ደግሞ «ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቢጫ መስመር ያላት» የሚል ዓይነት ነገር ነው። አሁን ሳነበው የትኛዋ እንደሆነች ለራሴም አይገባኝም።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ስሟን ካላወቅኩ ምዝገባው ዋጋ አለው ወይ? ምን ምን ልጻፍ? የግድ መግደል አለብኝ ወይ? ባዮሎጂ አልተማርኩም፣ የሒሳብ ሥራ ነው የምሠራው። ጎረቤቶቼ «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይሉኛል። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር

ልጄ፣ ክንፍ መቁጠርሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው እዚያ አይደርስም። ዝንብን ከሌላው ነፍሳት ሁሉ የሚለያት ዋናው ነገር እሱ ነው። የኋላ ክንፎቿ አልጠፉም፤ ተለውጠው የከበሮ መምቻ የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ሆነዋል። ስትበር ከክንፎቿ ጋር እየተርገበገቡ ወዴት እንደዞረች፣ ወዴት እንዳዘነበለች ይነግሯታል። አየር ላይ ቀጥ ብላ የመቆሟ አንዱ ምስጢር እዚያ ነው። አጉሊ መነጽር ካለሽ ከክንፉ ሥር ፈልጊያቸው። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝም እነሱ አሏት፤ ምክንያቱም ትንኝም የዝንብ ወገን ናት። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የወጣላቸው የዝንብ ዓይነቶች ከ150 ሺህ በላይ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የምናውቃት ከነዚያ አንዷ ብቻ ናት።

ያየሻት አንዣባቢ ዝንብ ናት። በአማርኛ ሁሉም ሰው የሚግባባበት ስም ስላላገኘሁ እኔ እንዲህ ነው የምጠራት። ንብ የምትመስለው ወፎች እንዲፈሯት ነው። መናደፊያ የላትም፣ በእጅሽ ብትይዣት ምንም አትሆኚም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቀጭን ነበረች፣ ሆዷ ላይ ጥቁርና ቢጫ መስመር ያላት? ወይስ ደልደል ያለች ቡናማ፣ ልክ እንደ ማር ንብ? ይህን ማወቅ ብዙ ነገር ይለውጣል። ከቀጫጭኖቹ መካከል ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ክሻክሽ፣ ማለትም የተክል ጭማቂ የሚመጡ ደቃቅ ነፍሳት፣ ያለበት ተክል ላይ ነው። እጯ ዓይን የላትም፣ እግርም የላትም፣ አረንጓዴ ቀንድ አውጣ ነገር ትመስላለች፤ ግን ክሻክሹን አንድ በአንድ እያነሳች ትመጠዋለች። የእናትሽን ባቄላ ቅጠል ገልብጠሽ እይው። ደልደል ያለችው ደግሞ ከሆነች ሥራዋ ሌላ ነው። የእሷ እጭ የምታድገው የበሰበሰ ውኃ ውስጥ ነው፣ ከበረት የሚወርድ ፍሳሽ ያጠራቀመው ጉድጓድ ዓይነት ቦታ። ከኋላዋ እንደ አይጥ ጅራት ረጅም መተንፈሻ ቱቦ አላት፤ ራሷ ጭቃው ውስጥ ሆና ቱቦውን ወደ ላይ አውጥታ ትተነፍሳለች።

ስም ባታውቂም ምዝገባሽ ዋጋ አለው። ስም በኋላም ይገኛል፤ የዛሬ ዓመት ፎቶሽን ያየ ሰው ሊነግርሽ ይችላል። ያን ቀን የት ሆና ምን ታደርግ እንደነበር ግን ካንቺ በቀር ማንም ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ቦታው በደንብ ይጻፍ፤ «ደብረ ብርሃን» ብቻ አይበቃም፤ ከየትኛው ወንዝ ወይም ቀበሌ አጠገብ እንደሆነ፣ ስልክሽ ካሳየሽም የጂፒኤስ ቁጥሩና ከፍታው። ምን ላይ እንደነበረች፣ አበባው አደይ ነው ወይስ የባቄላ፣ ወይስ ፍግ ላይ ነው። ፀሐይ ነበር ወይስ ደመና።

ቀኑ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ እኔም አንድ ጊዜ የአንድ ዓመት ማስታወሻ የተዘበራረቀብኝ በዚህ ነው። አንቺ መስከረም 20 ቀን 2018 ብለሽ ስትጽፊ ስልክሽ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ይላል። አንቺ ጠዋት 3 ሰዓት ስትይ ስልክሽ 9 ይላል። አንዱን ከደብተር ሌላውን ከስልክ እየወሰድሽ ከቀላቀልሽ ጠዋት የነበረችው ዝንብ የከሰዓት በኋላ ትሆናለች። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ፣ ሰዓቱንም በኛ መሆኑን አመልክቺ።

ፎቶ ስታነሺ አንድ አይበቃም። ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት። ከፊት ስልሽ ዓይኗን ለማየት ነው። በአብዛኞቹ አንዣባቢዎች ሁለቱ ዓይኖች አናት ላይ ከተገናኙ ወንድ ነው፣ መሐላቸው ክፍተት ካለ ሴት ናት። ክንፏ ላይ ያሉት ደም ሥር የመሰሉ መስመሮችም በግልጽ ከታዩ ለመለየት ትልቅ እገዛ ነው።

ሐኪሙ ከመንዝ

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ይህን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አበባ ላይ ያሉትን ተዋቸው አልልም፣ ግን አገራችን የበግ አገር ነው፤ በጉ ላይ ያሉትን ዝንቦች ማን ይመዘግብ?

አንደኛዋ የአፍንጫ ዝንብ ናት። በጎች በፀሐይ ሰዓት ድንገት ክብ ሠርተው ተጠጋግተው አፍንጫቸውን መሬት ላይ ወይም አንዱ በሌላው ሱፍ ውስጥ ሲቀብሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ያን የሚያደርጉት እሷን ሽሽት ነው። ይህች ዝንብ እንቁላል አትጥልም። በሕይወት ያሉ ደቃቅ ትሎችን እየበረረች የበጉ አፍንጫ ላይ ትረጫለች። ትሎቹ ወደ ውስጥ ገብተው የግንባር አጥንት ክፍተት ድረስ ይሄዳሉ፣ እዚያ ወፍረው 2 ሴንቲ ሜትር እና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። በጉ ንፍጡ ይወርዳል፣ ያስነጥሳል። ሲያስነጥስ የጎለመሰው ትል መሬት ላይ ይወድቃል፣ አፈር ውስጥ ገብቶ ደንድኖ ይቆይና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ዝንቧ የሚሠራ አፍ የላትም። አትበላም። ያላትን ጥቂት ጊዜ ሙሉ የምታውለው ለመራባት ነው። አልፎ አልፎ የሰው ዓይን ውስጥም ትረጫለች፣ በተለይ ከበግ ጋር የሚውል ሰው። ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር የሚሳብ የመሰለው ሰው ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በበዓል ስንት በግ ነው የሚታረደው! ጭንቅላቱ ሲፈለጥ ትሉን ያላየ ቤት የለም፣ ግን ቁጥሩን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ስንት ጭንቅላት አየሽ፣ በስንቱ ውስጥ ትል ነበር፣ በጉ የመጣው ከየት ነው፣ ወሩስ? ይህን ለሁለት ሦስት በዓል ብትጽፊ እኔ ራሴ እሠራበታለሁ። የጎለመሰና የጠቆረ ትል ካገኘሽ ደግሞ እርጥብ አፈር ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨምረሽ አፉን በጨርቅ እሰሪውና ጠብቂ። ሳምንታት ይወስዳል፣ ግን ዝንቧን በገዛ ዓይንሽ ታያታለሽ። እኔ ትሉን ስንት ዓመት ሳይ ኖሬ ዝንቧን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት እንዲህ አድርጌ ነው።

ሁለተኛዋ ይበልጥ ትገርማችኋለች፤ ክንፍ የላትም። የበግ ሱፍ ገልጣችሁ ስታዩ የምትሮጠዋ ቡናማ ጠፍጣፋ ነገር፣ ብዙ ሰው መዥገር ነው የሚላት። መዥገር አይደለችም። እግሯን ቁጠሩ። ትልቅ መዥገር 8 አለው፣ እሷ 6 ናት ያላት። ዝንብ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሱፍ ውስጥ ደም እየመጠጠች ትኖራለች፣ መብረር አያስፈልጋትም። ልጇንም አንድ በአንድ ሆዷ ውስጥ አሳድጋ ነው የምትወልደው፣ የተወለደችው ወዲያው ደንድና እንደ ቡናማ ፍሬ ሱፉ ላይ ትጣበቃለች። ብርድ ትወዳለች፣ ስለዚህ ደጋው ቤቷ ነው። በጉ ሲያክከው ራሱን ግድግዳና እንጨት ላይ ይፈትጋል፣ ቆዳው ይበላሻል፣ ነጋዴው እከክ አለበት ብሎ ዋጋ ይቀንሳል። ሱፉ ሲሸለት ብዙዎቹ አብረው ይሄዳሉ።

የጠባሴ ልጅ

ጋሼ፣ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ሁለቱንም አየሁ። ባቄላው አሁን ታጭዷል፣ ግን ጓሮ ያለው ጎመን ላይ ክሻክሽ ነበር፣ ቅጠሉን ስገለብጥ እጯን አገኘኋት! ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ራሷን ቀና አድርጋ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ክሻክሹን ስትነካ ታነሳዋለች። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ሳያት 9 በላች። እናቴ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ይህችን ትል ነው ብዬ ስጨፈልቃት ነው የኖርኩት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ራሷ ሌላ ቅጠል እየገለበጠች ትጠራኝ ጀመር።

የበጉን ደግሞ አባቴ ይዞልኝ ሱፉን ገለጥኩ። 6 እግር። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። አባቴ ግን መዥገር ነው ብሎ አሁንም አላመነኝም፤ ስለዚህ አጉሊ መነጽር ይዤ እመለሳለሁ።

ከይፋት ወረድ ብሎ

እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ጤና ላይ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ዝንብ ሲባል መጀመሪያ ወባ ነው የሚታሰበው፣ ግን ዓይን ላይ የምታርፈዋን መርሳት የለብንም። ሕፃናት ዓይን ላይ የምትሰበሰበው ዝንብና ወጥ ቤት ያለችው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጀርባቸውን በስልክ አቅርባችሁ ፎቶ አንሱ። የቤቷ ዝንብ አራት ጥቁር መስመር አላት። የዓይኗ ሁለት ወፍራም መስመር ነው ያላት። ይህችኛዋ እንቁላሏን በይበልጥ የምትጥለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አትራባም። ስለዚህ ሰው ሜዳ መውጣት ካቆመ እሷም ትቀንሳለች፣ ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ማዳረሷም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። መጸዳጃ ሲሠራ ዝንቧ እንደምትቀንስ ያሳየ ጥናት ጋምቢያ ውስጥ ተሠርቷል። እና እህቴ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ባለ ሁለት መስመሯና ባለ አራት መስመሯ የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ደብተር ቢኖርሽ ለእኛ ሥራ በጣም ይጠቅመናል። ፍግና ቆሻሻ ላይ ከሠራሽ በኋላ ግን እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ዓይንሽንም አትንኪ።

ለመያዝ ቀላል ዘዴ ልንገርሽ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን አለ አይደል? ወገቡ ላይ ቁረጪው። የታችኛው ግማሽ ቢጫ ሳህን ሆነልሽ ማለት ነው። ውኃ አድርጊበትና አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሪበት። ዝንቦች ቢጫውን አበባ መስሏቸው ያርፋሉ፣ ላርጎው የውኃውን ፊት ስለሚያላላው ይሰምጣሉ። ማታ በሻይ ማጥለያ አጥልለሽ ከፋርማሲ በገዛሽው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጪ። አረቄ አይሆንም፣ ደካማ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይበሰብሱብሻል። ወረቀት ላይ ቦታና ቀን ጽፈሽ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ክተቺ፤ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። መረብ ከፈለግሽ ደግሞ ከስስ መጋረጃ ስፊ። አጎበር እንዳትቆርጪ። ኬሚካል አለው፣ በሕይወት ልታያት የፈለግሻትን ይገድልብሻል፣ ደግሞም ቆላ ላለ ቤተሰብ አጎበር ሕይወት ነው።

መሐል ሜዳ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን የሳህኑ ነገር አልተስማማኝም። ቢጫ ሳህን ዝንብና ንብ አይለይም። የሰው ቀፎ አጠገብ ብታስቀምጡት የሰው ንብ ነው የምትጨርሱት። እኔ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ የሣር ቦታ አካባቢ ነው ያደግኩት። ሣሩን አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ዘግተው፣ በጊዜው ከፍተው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቀው ነው እዚህ ያደረሱት። እዚያ ገብቶ ምንም ነገር መያዝ በፈቃድ ነው፣ ዝንብም ቢሆን። ፎቶ ይበቃል። ጅብራ ሲያብብ ማን እንደሚያርፍበት፣ ጭላዳ የዋለበት ቦታ ላይ የትኛዋ ዝንብ እንደምትመጣ፣ ይህን ያለ ግድያ መጻፍ ይቻላል።

ሌላም አለ። ውጭ አገር ያለ አዋቂ «ናሙና ላኪልኝ» ቢልሽ በፖስታ ልኬ ልገላገል እንዳትይ። በ1998 የወጣ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 482። የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፣ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ።

ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር

የመሐል ሜዳው ወንድሜ ስለ ጓሳና ስለ ንቡ የተናገርከው ልክ ነው፤ ሳህን ከቀፎ ይራቅ፣ ጥቂት ሰዓት ብቻ ይቀመጥ፣ ቁጥሩም ይነስ። ፎቶ ይበቃል ባልከው ላይ ግን አልስማማም። አንዣባቢዎቹን በፎቶ መለየት ብዙ ጊዜ ይቻላል። የገብስ ቡቃያ የምታደርቀዋን ዝንብና የጤፏን ግን እያንዳንዳቸውን ከቅርብ ዘመዶቻቸው በፎቶ ብቻ መለየት ከባድ ነው፤ ልዩነታቸው ብዙ ጊዜ እግራቸው ላይ ባለ ፀጉርና በወንዱ ጅራት ጫፍ ቅርጽ ነው፣ ያ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ አይታይም። ገበሬው ማሳው መሐል ደርቆ «ምን መጣብኝ» ሲል መልስ የሚሰጠው ብልቃጥ ውስጥ ያለችው ናት። ከአንድ ቦታ ሁለት ሦስት በቂ ነው። ከዚያ በላይ መያዝ እኔም አልደግፍም።

ፎቶዎችሽን ደግሞ አይናቹራሊስት ላይ ጫኚ፤ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ተክል ፎቶ የሚጭኑበት ድረ ገጽ ነው። ስልክሽ ቢጠፋ እንኳ እዚያ ይቆያሉ፣ ዝንብ የሚያውቁ ሰዎችም ከዓለም ዙሪያ ያዩታል። «ዝንብ» ብለሽ ብቻ ብትጭኚውም ይሆናል፣ የቀረውን እነሱ ያጠቡታል። ግን ሰው ገምቶ የጻፈልሽን ስም ሁሉ ወዲያው አትቀበዪ፣ ለምን እንዳለ ጠይቂው።

የድሮዎቹን 63 ምዝገባዎችም አትጣያቸው። ቦታና ቀን ካላቸው ይጠቅማሉ። አበባው ከተጻፈ ደግሞ በሚቀጥለው ነሐሴ እዚያው ቦታ፣ እዚያው አበባ አጠገብ ቆመሽ ታያታለሽ፣ ምናልባት «ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቢጫ መስመር» ያልሻት ራሷ ትመጣለች።

የጠባሴ ልጅ

ሁለታችሁም ያላችሁትን ይዣለሁ። እንዲህ አሰብኩ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን እኛ ጋ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ያልፋል፣ ከዋሻው ወጥቶ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ወደ 1,300 ይወርዳል። ጠዋት ጋቢ ለብሰን ተነስተን ቀትር ላይ በቲሸርት የምንሆንበት መንገድ ነው። ዝንቦቹስ የት ላይ ነው የሚቀየሩት? የበግ ሱፍ ውስጥ ያለችው እስከ የት ድረስ ትወርዳለች? ይህን ማወቅ ነው የምፈልገው።

በወር አንድ ቅዳሜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በየቦታው ሁለት ሁለት ሳህን፣ ከቀፎ ርቆ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት በኛ አቆጣጠር። ንብ ከገባችበት ቁጥሯ ይጻፋል፣ ብዙ ከገቡ ቦታው ይቀየራል። ጓሳ ላይ ሳህን የለም፣ ፎቶ ብቻ። እኔ ደብረ ብርሃንን እይዛለሁ። ደብረ ሲና አክስቴ አለች፣ ግቢዋን ፈቅዳልኛለች። ቆላው ላይ ግን ማንም የለኝም።

ከይፋት ወረድ ብሎ

ሸዋ ሮቢት የኔ ነው። ጀሪካኑን ዛሬ ቆርጫለሁ።

ሐኪሙ ከመንዝ

ቅዳሜ ሞላሌ ገበያ ነው የምውለው። የምመረምራቸውን በጎች ሱፍ እየገለጥኩ ስንት ላይ እንዳገኘሁ፣ ከየት ቀበሌ እንደመጡ እጽፍልሻለሁ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር።

መሐል ሜዳ

ጓሳ ላይ ፎቶውን እኔ አነሳለሁ፣ ፈቃዱን ከጽሕፈት ቤቱ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ። ግን የስልኬ ካሜራ ከቅርብ አያነሳም። ስልክ ላይ የምትገጠም ሌንስ ደብረ ብርሃን ይገኛል?

የጠባሴ ልጅ

ይገኛል። የኔን ሌንስ በመኪና እልክልሃለሁ፣ እኔ ሌላ እገዛለሁ።